ያልወረደ ዋስ

የ2017ቱን ቡሄ ያሳለፍኩት ተወልጄ ባደግኩባት ደብረ ታቦር፣ እህቴ ቤት ነው። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሙልሙሉ እስኪበስል ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀምጫለሁ። ልጆቹ ጅራፍ ያጮሃሉ። (ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጅራፍ በጮኸ ቁጥር ትልቅ ሰው ሁሉ ድንግጥ ይላል። እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።) ስልኬ ጠራ። የማላውቀው የአዲስ አበባ የመስመር ስልክ ነው። አነሳሁት።

ድምጿ የተቃና፣ ትሁት ልጅ ናት። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጠራችው። በአገራችን ሰው እስከ አያቱ የሚጠራው ወይ ፍርድ ቤት ነው፣ ወይ ባንክ ነው። ሁለቱም ጋ ጉዳይ እንደሌለኝ በልቤ እያሰላሁ «አቤት» አልኩ።

«የእገሌ ተያዥ ነዎት አይደል፣ አባቴ?»

እገሌ ያለችው የእህቴን ልጅ ነው። ነኝ አልኳት። ዳታ እያደሱ ስለሆነ የፋይዳ ቁጥሬንና የመታወቂያዬን ፎቶ ፊትና ኋላውን አንስቼ በቴሌግራም እንድልክላት በትሕትና ጠየቀችኝ።

«ልጄ፣ ልጁ እኮ እናንተ ጋ መሥራት ከተወ ሦስት ዓመቱ ነው።»

የኮምፒውተሯ ቁልፎች ሲንኳኩ ይሰማኛል። «አዎ አባቴ፣ አየሁት። እሱ ሲስተሙ ላይ ኢንአክቲቭ ነው» አለች፤ «እርስዎ ግን አክቲቭ ነዎት።»

ማስተማር ከተውኩ ወዲህ አክቲቭ ነህ ያለኝ ሰው የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። የእህቴ ልጅ ያደገው ጉና ሥር፣ ጋሳይ አቅራቢያ ነው። እህቴ ወደ ከተማ ከመግባቷ በፊት ትዳሯ እዚያ ነበር። ድንችና ገብስ ካልሆነ ሌላ ነገር እሺ የማይል አገር ነው። ልጁ ተማረ፣ በማኔጅመንት ተመረቀ፣ የሚያስተዳድረው ነገር ግን አላገኘምና እንደ ብዙ ጓደኞቹ አዲስ አበባ ገባ። ሞተር መንዳት ይችላል። ይሁንና የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. የሞተር ብስክሌትን እንቅስቃሴ ከገደበ ወዲህ ፈቃድ ካለው ድርጅት ሥር ሳይጠጉ በሞተር እንጀራ መብላት ከባድ ሆኗል። ተጠጋ። ድርጅቱ በስልክ አፕ ትእዛዝ እየተቀበለ ምግብና ዕቃ በየቤቱ የሚያደርስ ነው። ስሙን አልጠራም። ፈርቼ አይደለም፤ የምተቸው ጠባይ የአንድ ድርጅት ብቻ ስላልሆነ ነው።

ሥራው ዘመናዊ ነው። አለቃ የለም፣ ቢሮ የለም፣ የሰዓት ፊርማ የለም። ምዝገባው ግን የአያቶቻችን ነው። የቀበሌ መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው ስልክ፣ የእናት ስም ሳይቀር አምጣ ተባለ። በመጨረሻም ደሞዝተኛ ተያዥ። ሞተሯ የድርጅቱ ናትና ይዟት ቢጠፋ የሚከፍል ሰው መኖር አለበት። ያኔ ገና ደሞዝ ላይ ስለነበርኩ ተያዡ እኔ ሆንኩ። የደሞዜን ልክ የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቴ አጻፍኩ፣ መታወቂያዬን ሰጠሁ፣ አንዱ ወጣት «ቀና ይበሉ ጋሼ» ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሳኝ፣ ፈረምኩ። ይህን ሁሉ ሳደርግ ቅር አላለኝም። ተያዥ መሆን በእኛ አገር የዘመድ ወግ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሰበሰበው ሰው ሳይሆን ስልኩ ነው። የት እንደቆመ፣ በስንት ፍጥነት እንደነዳ፣ የትኛውን ትእዛዝ እምቢ እንዳለ፣ ደንበኛ ስንት ኮከብ እንደሰጠው፣ ማታ አፑን ስንት ሰዓት እንደዘጋው፣ ሲዘጋውም የት ሰፈር እንደነበር። አፑ የአካባቢውን መረጃ «ሁልጊዜ» ለማየት ፈቃድ ካልተሰጠው አይከፈትም ነበር። «ሁልጊዜ» ማለት እንግዲህ ሌሊትም፣ እሑድም፣ ሐኪም ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም ማለት ነው።

ሃያ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ክፉ ልማድ ይቀርበታል ማለት ዘበት ነው። የሱቅ ማስታወቂያ እንኳ ሳያርም አያልፍም። ልጅቷ የደወለች ዕለት ማታ የእህቴን ልጅ ስልክ ተቀብዬ፣ መነጽሬን አጥልቄ የተስማማበትን ውል ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እሱ አንብቦት አያውቅም። «እስማማለሁ» የሚለውን የተጫነው ከኋላው ሰባት ሰው ተሰልፎ፣ መዝጋቢው «ታች ወርደህ ንካው በቃ» እያለው ነበር። ያኔ ውሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ አሁን አማርኛም ጨምረውለታል።

እንደ ድርሰት ካየነው የጻፈው ሰው ጎበዝ ነው። ተራኪው «እኛ» ነው። ይህ «እኛ» በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ይታያል፤ አገልግሎት እንሰጣለን፣ ክብርዎን እንጠብቃለን፣ አብረን እናድጋለን ይላል። በሚወስድበት ቦታ ግን ድንገት ይሰወራል። መረጃ ሊሰበሰብ ይችላል። ሊቀመጥ ይችላል። ሊተላለፍ ይችላል። ግሡ ሁሉ ወደ ተደራጊ ይዞራል። ተማሪ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ሲያመጣልኝ ኅዳጉ ላይ በቀይ «አድራጊው ወዴት ሄደ?» ብዬ እመልስለት ነበር። ሰዋስዋችን ደግሞ የዓረፍተ ነገሩን ራስ «ባለቤት» ብሎ ይጠራዋል። እዚህ ውል ውስጥ በባለቤትነት የተቀመጠው «መረጃ» የሚለው ቃል ነው። ሰብሳቢውም የለ፣ የተሰበሰበበትም ሰው የለ። መረጃው ራሱ ተነሥቶ ይሰበሰባል፣ ራሱ ሄዶ ይቀመጣል።

መረጃው ለ«ሦስተኛ ወገን» እንደሚተላለፍ የሚገልጽ አንቀጽም አለው። የእህቴን ልጅ ምን ማለት መሰለህ አልኩት።

«ጋሼ፣ ኢንሹራንሱ መስሎኝ!»

አልሳቅኩበትም። በዚህ አገር ሦስተኛ ወገን ሲባል ማንም አሽከርካሪ ቢሆን ትዝ የሚለው የመድኑ ወረቀት ነው። ቃሉን በዚያ ያውቀዋል፤ የሚጠብቀው ነገር አድርጎ ያውቀዋል። ውሉ ውስጥ ያለው ሦስተኛ ወገን ግን ስም የለውም፣ አድራሻ የለውም፣ ብዛቱም አይታወቅም።

ከሁሉ ያስገረመኝ የጊዜው ጉዳይ ነው። መረጃው እስከ መቼ እንደሚቆይ ሲናገር አስፈላጊ እስከሆነበት ጊዜ ድረስ ነው ይላል። ለማን አስፈላጊ? ማን ይወስናል? ዝም። አርስቶትል ድርሰት መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ይኑረው ብሎ ነበር። ይህ ድርሰት መጀመሪያ አለው፣ ሰፊ መካከል አለው፣ መጨረሻ የለውም።

ልጁ በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሥራውን ተወ። ሞተሯን ደህና አድርጎ አስረከበ፣ ርክክብ ተፈራረመ፣ ወደ አገሩ ለመመለስ ተነሣ። ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ለመነ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከስድስት ሺህ በላይ ዕቃ አድርሷል። ይህን ከየት አመጣህ አትበሉኝ፤ አፑ ራሱ እየቆጠረ «እንኳን ደስ ያለዎት» ይለው ነበር። አንድ ገጽ ወረቀት፣ አንድ ማኅተም። በማኔጅመንት ለተመረቀ ልጅ ያቺ ወረቀት ለሚቀጥለው ማመልከቻ የምትሰጠውን ጥቅም የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንሰጥም ተባለ። ምክንያቱም እሱ ሠራተኛ አይደለም፤ «ፓርትነር» ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ሠራተኛው ሲለቅ የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የቆየበትን ዘመንና ደሞዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነፃ እንዲሰጠው ያዝዛል። የሚያዝዘው ግን አሠሪን ነው። ፓርትነር አሠሪ የለውም። እንግዲህ ነገሩን እዩት። ጥቅምት 14 ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ10 ቦሌ የትኛው ሕንፃ ሥር ቆሞ እንደነበር ያውቃሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ መሥራቱን ግን በወረቀት ሊያውቁለት አይችሉም። ማስታወስ ተስኗቸው ቢሆን ኖሮ አዝንላቸው ነበር።

ደብረ ታቦር ተመለሰ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ክልሉ ወደ ግጭት ሲገባ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ያለ ኢንተርኔት ተከረመ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሲመለስ፣ የእህቴ ልጅ እንደነገረኝ፣ የቆመው ስልኩ እንደ ነፍሰ ጡር ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ መልእክት ማዝነብ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የድርጅቱ ነበር። በስሙ ጠርቶት ናፍቆናል፣ በአቅራቢያዎ ብዙ ትእዛዝ አለ፣ ይመለሱ ይለዋል። በአቅራቢያው የነበረውን እሱ ያውቃል። አፑን ያን ዕለት ከስልኩ አጠፋው። አፑ ጠፋ እንጂ እሱስ እዚያው አለ፤ ይኸው ከዓመት በኋላ ለእኔ ተደወለ።

እውነቱን ለመናገር ጊዜያዊ ሥራ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ከጋይንት፣ ከእብናት፣ ከፋርጣ ወጣቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ሲወርድ እያየሁ ነው ያደግኩት። የዚያን ጊዜው ፕላትፎርም ደላላ ይባላል። ደላላው ባለ 50 ሉክ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ አለው። «የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው?» ብሎ ይጽፋል፤ የሠራበትን ቀን በጭረት ይቆጥራል። ደላላውን ጻድቅ ላደርገው አልፈልግም። ጭረት የሚሰርቅ ነበር፣ ገንዘብ ይዞ የሚሰወር ነበር፣ ልጆቹም በወባ ያልቁ ነበር። ደብተሩ ግን ዕድሜ ነበረው። ሰሊጡ ተራግፎ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ያ ደብተር ሱቅ ይገባና ሉኩ እየተገነጠለ ስኳርና በርበሬ ይጠቀለልበታል። የልጁ ስም ከበርበሬ ጋር ቤቱ ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት ልጁ ቢወርድ እንደ አዲስ ሰው ነው የሚወርደው፤ አምና ከአሠሪ ጋር የተጣላ እንደሆነ፣ አምና ታሞ እንደተኛ የሚመሰክርበት ወረቀት የለም።

ሌላም ልጨምር። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የገበሬው መሬት ሲመዘገብ ለየባለይዞታው ደብተር ይሰጥ ነበር። የእህቴና የሟቹ ባሏ ፎቶ ጎን ለጎን የተለጠፈበት ደብተር ሳጥኗ ውስጥ፣ ከነጠላዋ ሥር አለ። የዚያ ምዝገባ ጣጣ ብዙ ነው፤ ወሰን ያጣላል፣ ስም ይሳሳታል። ነገር ግን ወረዳው መዝገቡን ሲይዝ እሷ ደብተሩን ይዛለች። ስለ እሷ የተጻፈውን ማየት ስትፈልግ ሳጥኗን ትከፍታለች። ማንበብ ባትችልም ለልጇ ታስነብበዋለች። ዲግሪ ያለው ልጇ ግን ስለራሱ የተጻፈውን አንድ መስመር እንኳ በእጁ አልያዘም።

ወደ ዋስትናው ልመለስ፤ እኔን የሚመለከተው እሱ ነው። አባቶቻችን ዋስ መጥራትን ብቻ ሳይሆን ዋስ ማውረድንም ያውቁ ነበር። ነገሩ ሲያልቅ ዋሱ ይወርዳል፣ በሰው ፊት ወረደ ይባላል፣ ሰውየው ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ቁጥር 1922 ዋስትና በግምት አይያዝም፣ በግልጽ መነገር አለበት፣ ዋስ የሆኑበት ገንዘብ ከፍተኛው ልክም በውሉ ላይ ካልተጠቀሰ ዋስትናው ፈራሽ ነው ይላል። ጎበዝ ሕግ ነው። ሰው ለዘመዱ ሲል ድንበር የሌለው ዕዳ ውስጥ እንዳይገባ አስቦለታል። እኔም በገንዘብ በኩል ድንበር ነበረኝ፤ የአንድ ሞተር ዋጋ። በፎቶዬ፣ በመታወቂያዬ፣ በደሞዜ ደብዳቤና በስልክ ቁጥሬ በኩል ግን የገባሁት ዋስትና ልክም የለው፣ ቀንም የለው። ሞተሯ ተመልሳለች። እኔ አልተመለስኩም።

«ወንድማለም» አለችኝ እህቴ ቡና እየቀዳች፣ «አሁን ያንተ ፎቶ እነሱ ጋ ምን ይሠራል?»

የተማረ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ቢመክር ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አያወጣም። ስድስት ወር ሙሉ አስቤ መልስ አላገኘሁለትም።

የድሮው የቀበሌ መታወቂያችን ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ። ያ መስመር በየመንገዱ፣ በየኬላው ሰው ላይ ምን እንዳደረሰ ለዚህ አምድ አንባቢ አላስረዳም። ፒዛ ለማድረስ የአድራሹ ብሔር አያስፈልግም። የድርጅቱም ፎርም ብሔር አይጠይቅም፤ ይህን አይቻለሁ። ነገር ግን መታወቂያው ፊትና ኋላው ስካን ሲደረግ መስመሩ አብሮ ገባ። ማንም ክፉ አስቦ አላስገባውም። እንዲሁ ገባ፣ እንዲሁ ተቀመጠ፣ አስፈላጊ እስከሆነበት ጊዜ ድረስ። ይህን ከማታ ማደሪያው ሰፈር ጋር፣ ከእናቱ ስም ጋር፣ ከተያዡ አድራሻ ጋር በአንድ ፋይል አስቡት። ፋይሉን ዛሬ የያዙት ሰዎች ደጎች ናቸው እንበል። ድርጅቱ ነገ ቢሸጥስ? ፋይዳ ብሔርም ሃይማኖትም አለመመዝገቡ በዚህ በኩል ትልቅ እርምጃ ነው። የአሥር ጣት አሻራና የሁለት ዓይን ብሌን ስለሚመዘግብ ግን እሱም ቁጥሩ እንደ ሎተሪ ለማንም የሚነገር አይደለም። ልጅቷ በቴሌግራም ላክልኝ ያለችኝ እሱን ነው።

ድርጅቶቹን በግፍ ላለመክሰስ አንድ ነገር ልናገር። መረጃ ሳይሰበስቡ ይህን ሥራ መሥራት አይቻልም። በመተግበሪያ ታክሲ ሥራ ላይ ያሉ አሽከርካሪዎች በተሳፋሪ ተገድለው መኪናቸው የተዘረፈበት ጊዜ አለ። እንዲህ ሲሆን የመጨረሻው ጉዞ የት እንደቆመ ማወቅ ገዳይ ያስይዛል። ሳምራዊት ፍቅሩ በሃይብሪድ ዲዛይንስ በኩል በ2006 ዓ.ም. ራይድን ስትጀምር በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር የሚሠራው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ሆኗል። ይህን የሚክድ የለም። ጥያቄዬ መሰብሰቡ ላይ አይደለም። ሲያልቅ ምን ይሆናል ነው? ለማንስ ኮፒ ይሰጣል?

ይህ ጥያቄ የእኛ ድህነት ያመጣው እንዳይመስላችሁ። ከ170 በላይ የፈረንሳይ የኡበር አሽከርካሪዎች ለአንድ የሰብዓዊ መብት ማኅበር አቤት አሉ። ማኅበሩ ለፈረንሳይ ባለሥልጣን አቀረበው፣ የኡበር የአውሮፓ ዋና ቢሮ አምስተርዳም ስለሆነም ጉዳዩ ወደ ኔዘርላንድ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ሄደ። ባለሥልጣኑ በጃንዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ኡበርን 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ጥፋቱ ምን ነበር? የአሽከርካሪዎቹን መረጃ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆይ በግልጽ አለመናገሩ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ አሽከርካሪው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የሚጠይቅበት ፎርም አፑ ውስጥ በየማውጫው ተቀብሮ በቀላሉ የማይገኝ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት በኦገስት ደግሞ የአውሮፓ አሽከርካሪዎችን መረጃ ያለ በቂ ጥበቃ ወደ አሜሪካ በማሻገሩ 290 ሚሊዮን ዩሮ ተጨመረበት። ከተሻገረው ውስጥ የመታወቂያ ሰነድና ፎቶ፣ አካባቢያቸውን የሚያሳይ መረጃ፣ ለአንዳንዶቹም የወንጀልና የሕክምና መረጃ ይገኝበታል።

ገንዘቡ ሳይሆን አቤት ባዮቹ ናቸው የገረሙኝ። አሽከርካሪዎች ናቸው። መሪ ጨብጠው የሚውሉ ሰዎች ተሰብስበው «ስለ እኔ የያዝከውን አሳየኝ» አሉ። የአምስተርዳም ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2023 እ.ኤ.አ. ኡበርና ኦላ ስለ አሽከርካሪዎቹ የያዙትን፣ በማሽን የወሰኑትንም ጨምረው እንዲያሳዩ የፈረደው አሽከርካሪዎች ስለከሰሱ ነው። ኡበር በ2016 እ.ኤ.አ. በሌቦች ተዘርፎ የ57 ሚሊዮን ሰው መረጃ ሲወሰድ፣ 600,000 የሚሆኑ የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ስማቸው ከነመንጃ ፈቃድ ቁጥራቸው አብሮ ሄዷል። ኩባንያው ለዘራፊዎቹ 100,000 ዶላር ከፍሎ ነገሩን እስከ ኖቬምበር 2017 ድረስ ደበቀው። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን ስንቶቹ በዚያ ሥራ ላይ እንዳሉ ታውቃላችሁ። ያልተቀመጠ ነገር አይሰረቅም።

እኛም ሕግ አለን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይባላል፤ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አንብቤዋለሁ። መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ ያዝዛል። ሰው ስለራሱ የተያዘውን የማየት፣ የተሳሳተውን የማሳረም፣ የማያስፈልገውን የማስጠፋት መብት እንዳለውም ይናገራል። የብሔር ማንነትንና የሰውነት አሻራን የመሳሰለውን ደግሞ ጥንቃቄ የሚሻ መረጃ ብሎ ለብቻው አስቀምጦታል። አዋጁ ግሥ አያሸሽም፤ አድራጊውን «ተቆጣጣሪ» ብሎ ስም አውጥቶለት ያዝዘዋል። በሰዋስው በኩል ከዚያ ውል በጣም ይበልጣል።

ችግሩ የት ነው ካላችሁ፣ የእህቴ ልጅ ስለ አዋጁ የሰማው ከእኔ ነው። የሠራተኛ ማኅበር የለውም፤ ፓርትነር ማኅበር ምን ያደርግለታል። የሥራ ልምድ የተከለከለበት ያ «ፓርትነር» የሚል ቃል መብቱን ተሰብስቦ የሚጠይቅበትን ደጅም አብሮ ዘግቶበታል። በመረጃ በኩል ግን አዋጁ ሠራተኛ ነህ ወይስ ፓርትነር ብሎ አይጠይቅም። ሰው መሆን ይበቃል። እዚህ ላይ ነው ተስፋ ያደረግኩት።

ስለዚህ ጻፍኩ። ከበዓሉ ማግሥት፣ በአማርኛ፣ አንድ ገጽ፣ አዋጁን በቁጥሩ ጠቅሼ። ስለ እኔ ምን ምን እንደያዛችሁ አሳዩኝ፤ ለማን እንደሰጣችሁት ንገሩኝ፤ ሞተሯ ተመልሳ ርክክብ ተፈርሟልና ዋስትናዬን አውርዳችሁ ፋይሌን አጥፉልኝ። የእህቴ ልጅም በበኩሉ ስለራሱ ጻፈ፤ እሱ አንድ መስመር ጨመረ። ከማጥፋታችሁ በፊት የሠራሁባቸውን ዓመታትና ያደረስኩትን ዕቃ ብዛት በወረቀት ስጡኝ አለ። ሁለቱንም ለዚያች ለትሁቷ ልጅ ላክንላት።

በዘጠነኛው ቀን ለእኔ መልስ መጣ። ለእሱ እስከ ዛሬ የለም፤ ኢንአክቲቭ ነው። መልሱ ጨዋ ነው፤ ጥያቄዬን በአክብሮት ተቀብለዋል። መረጃዬ እንዲጠፋልኝ ግን ማንነቴን ማረጋገጥ ስላለባቸው የተያያዘውን ፎርም እንድሞላ ይጠይቃል። የመታወቂያ ቅጂ ፊትና ኋላ። የፋይዳ ቁጥር። መታወቂያዬን አገጬ ሥር ይዤ የተነሣሁት ፎቶግራፍ። አሁን የምኖርበት አድራሻ። በሌላ ጊዜ ሊያገኙኝ የሚችሉበት የቅርብ ዘመድ ስልክ።

ፎርሙን ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ኮፒ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ የወረዳ ወረቀት እያባዛች ነበር። መታወቂያዬን ተቀብላ መስተዋቱ ላይ ከደፋችው በኋላ ቀና ብላ «ፊትና ኋላ ነው አይደል አባቴ?» አለችኝ።

ትንሽ ቆሜ አሰብኩ። ቆይቼ እመለሳለሁ ብያት መታወቂያዬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ማታ እህቴ «አወረዱህ?» አለችኝ።

«ገና ናቸው» አልኳት።